ተዋናይ ጋዜጠኛ መሆን አለበት ወይ? (ክርክር)

አስተባባሪ፦ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። ታዋቂ ተዋናይ ወደ ጋዜጠኝነትና ወደ ልቦለድ ቢሻገር ልክ ነው? መነሻችን የኦስካር ተሸላሚው ሾን ፔን ነው። ከእስር ቤት አምልጦ የተደበቀውን የሜክሲኮዋን የሲናሎዋ ግዛት የዕፅ አለቃ ኤል ቻፖን በኦክቶበር 2015 እዚያው ሜክሲኮ ሄዶ አገኘው። ጽሑፉ በጃንዋሪ 2016 ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ላይ ወጣ፣ ሰውየው በተያዘ ማግስት። በ2018 ደግሞ የመጀመሪያ ልቦለዱን አሳተመ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ነው። ቀጥሉ።

የመድረክ ልጅ፦ ልክ ነው ባይ ነኝ። ጋዜጠኝነት የማንም ርስት አይደለም። ሾን ፔንም ድንገት የገባበት አይደለም። በ2002፣ የኢራቅ ጦርነት ሳይጀመር፣ ባግዳድ ሄዷል። በኋላ ከኢራቅና ከኢራን ለሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ጋዜጣ ጽፏል። በ2008 የያኔውን የኩባ ፕሬዚዳንት ራውል ካስትሮን አነጋግሯል። ያንን ቃለ ምልልስ ስንቱ አንጋፋ ጋዜጠኛ ይመኘው ነበር! ዝናው በር ከፈተለት፣ እሱም ገባ። ምኑ ነው ጥፋቱ?

የዜና ክፍል፦ ወንድሜ፣ መግባቱን ማን ከለከለው? ገብቶ ምን አደረገ ነው ነገሩ። ከኤል ቻፖ ጋር ለሰዓታት ሲቀመጥ መቅረጫም ማስታወሻ ደብተርም አልያዘም። ዋናው ጥያቄና መልስ የመጣው ኋላ ነው፤ ጥያቄው ተላከ፣ ሰውየው በራሱ ሰዎች ካሜራ ፊት ተቀምጦ መለሰ፣ ቪዲዮው ተላከ። ይህን ሥራ የሠራ ሰው ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። መልሱን ሲያድበሰብስ «ቆይ፣ እሱን አይደለም የጠየቅኩህ» የሚለው ሰው አጠገቡ የለም።

ከዚያ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ኤል ቻፖ አይቶ እንዲያጸድቀው መስማማታቸው ነው። መጽሔቱ ራሱ ጽሑፉ አናት ላይ አስፍሮታል፤ ምንም አላስለወጠም ብሏል። ባያስለውጥስ? ጸሐፊው እያንዳንዱን መስመር ሲጽፍ መጀመሪያ ማን እንደሚያነበው ያውቃል።

እዚያው ሲናሎዋ፣ ኩሊያካን ከተማ፣ ሃቪየር ቫልዴዝ የሚባል ጋዜጠኛ ነበር። ሪዮዶሴ የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ከመሠረቱት አንዱ ነው። ስለዕፅ ነጋዴዎቹና ስለሚያደርሱት በደል ዓመታትን ሙሉ ጽፏል። በሜይ 15፣ 2017 በቀትር፣ ከቢሮው ብዙም ሳይርቅ መንገድ ላይ በጥይት ገደሉት። ስለዚህ «ርስት አይደለም» ስትለኝ እሺ፣ ግን ሰው የሞተበት ሥራ ነው።

የመድረክ ልጅ፦ የቫልዴዝ ነገር ያማል። ግን ስምምነቱን አይቶ ያሳለፈው ማነው? ኤዲተሩ ነው። ኤዲተሩ ደግሞ ተዋናይ አይደለም። የመጽሔቱን ጥፋት ለትወና ሙያ አታሸክሚው።

የዜና ክፍል፦ እሱን እኮ ነው የምለው! አንድ ጀማሪ ሪፖርተር «ባለጉዳዩ አይቶ ያጽድቀው» ብሎ ቢመጣ ያባርሩት ነበር። ስሙ ሲተልቅ ደንቡ ላላ። እኛም ሀገር ተዋናይ ቶክ ሾው ሲይዝ የምናየው ይህንኑ ነው፤ እንግዳው የሙያ ጓደኛው ይሆንና የሚከብደው ጥያቄ ሳይነሳ ሰዓቱ ያልቃል።

ጋሼ (ከቨርጂኒያ)፦ ልጆች፣ ልቦለዱን እኮ ረሳችሁት። ለኔ ሁለቱ አንድ አይደሉም። እንግሊዛዊው ተዋናይ ደርክ ቦጋርድ የመጀመሪያ መጽሐፉን፣ የሕይወት ታሪኩን፣ ያወጣው በ1977 ነው፤ ዕድሜው ሃምሳውን አልፎ። የመጀመሪያ ልቦለዱ በ1980 ወጣ፣ ከዚያም ሌሎች ተከተሉ፤ ለዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጣም የመጻሕፍት ግምገማ ይጽፍ ነበር። ደራሲነቱን ሰው ከልቡ ተቀብሎታል። ተዋናይ የሰው አነጋገር ጆሮው ውስጥ አለ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ይህን ያውቃል፤ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱ ትንፋሽ ነበረው። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው ብዕር ቢያነሳ ደስ ይለኛል። የሾን ፔንን ልቦለድ ሐያስያኑ ክፉኛ ነቅፈውታል። ቢሆንም በልቦለድ የከሰረ ሰው የሚያጣው የራሱን ስም ነው።

አንባቢዋ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በዚህ አልስማማም። ማንም አይጎዳም አይባልም። አሳታሚ የሚያወጣው መጽሐፍ የተወሰነ ነው። ፊቱ የታወቀ ሰው ሲመጣ ያልታወቀው ልጅ ረቂቅ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ጋሼ (ከቨርጂኒያ)፦ እውነትሽን ነው ልጄ። ቢሆንም የታዋቂው መጽሐፍ ከተሸጠ አሳታሚው ለአዲሱ ልጅ ማሳተሚያ ያገኛል። ካልሆነ በሁለቱም በኩል ገንዘብ የለም።

የዜና ክፍል፦ በልቦለዱ ከጋሼ ጋር ነኝ። ይጻፍ፣ አንባቢ ይፍረድ። ወደ ጋዜጠኝነቱ ልመለስና፣ ሾን ፔን ራሱ ጽሑፉ በወጣ ሰሞን ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ጽሑፌ አልተሳካም ብሏል። ሰው ስለ ዕፅ ጦርነቱ ፖሊሲ እንዲነጋገር ፈልጎ ነበር፣ ሰው ግን የተነጋገረው ስለ እሱ ነው። ዝና የሚያስከፍለው ይህንን ነው፤ በር ይከፍትና ወሬው ሁሉ ስለገባው ሰው ይሆናል።

የመድረክ ልጅ፦ ይሄኛውን እቀበላለሁ። ግን መፍትሔው በሩን መዝጋት አይመስለኝም። ተዋናዩ ልክ እንደ ጀማሪ ሪፖርተር ኤዲተር ፊት ይቅረብ፤ መቅረጫ ይያዝ፣ ተከታይ ጥያቄ ይጠይቅ፣ ጽሑፉን ለባለጉዳይ አያሳይ። ይህን እሺ ካለ ትከለክይዋለሽ?

የዜና ክፍል፦ እሺ ካለማ ጠረጴዛዬን አካፍለዋለሁ። የኔ ፍርሃት ኤዲተሩ ይህን ሊጠይቀው ይደፍራል ወይ ነው።