ሸክላ ሲቆም የሚሰማውን ድምፅ አብልተን (የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር) ላይ እንዴት ላውጣው?

አቦ ሙዚቃ የምትሠሩ ልጆች፣ እርዱኝ። ድሬ ሳቢያን ላለ ሰርግ የሚሆን ሪሚክስ እየሠራሁ ነው፤ ፍጥነቱ 100 ቢፒኤም (በደቂቃ 100 ምት)። ከድሮፑ (ምቱ በኃይል ከሚገባበት ቦታ) በፊት ባለው የመጨረሻ መስመር ላይ፣ የሸክላ ማጫወቻ ሞተር ሲጠፋ እንደሚሰማው፣ ዘፈኑ እየተጎተተና እየወፈረ እንዲቆም እፈልጋለሁ።

ክሊፑን ሪ-ፒች (ፍጥነቱ ሲቀንስ ድምፁም አብሮ የሚወፍርበት የዋርፕ ዓይነት) ላይ አድርጌ የፕሮጀክቱን ቴምፖ (ፍጥነት) በአውቶሜሽን፣ ማለትም በሚሳል መስመር፣ ሳወርደው ድምፁ ልክ ይመጣል። ግን ከበሮውም ኪቦርዱም አብሮ ይንቀረፈፋል፤ እኔ ደግሞ ድምፃዊውና ክራሩ ብቻ እንዲቆሙ ነው የፈለግኩት። በዚያ ላይ ቴምፖው ከ20 በታች አይወርድም፤ አንድ አምስተኛ ፍጥነት ላይ ደርሶ ይቀራል። በሌላ የዋርፕ (ክሊፑን ከቴምፖው ጋር የሚያስማማው) ዓይነት ፒቹን (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት) ብቻ ሳወርድ ፍጥነቱ አይነካም፤ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ነው የሚመስለው።

ሌላው የአወራረዱ ኩርባ ነገር ነው። ፍጥነት በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ድምፁ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም 12 ሰሚቶን ይወርዳል። ስለዚህ ሸክላው እኩል እየዘገየ ቢቆም እንኳ ፒቹ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ መጨረሻ ላይ ግን ገደል እንደገባ ነው የሚወርደው። በሰሚቶን ቀጥ ያለ መስመር ስስል የውሸት የሚሆንብኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ሁለቱን ትራኮች በሌላ ፕሮጀክት አዘግይቼ ቀድቼ ልመልሳቸው ወይስ እዚያው የሚሠራ መንገድ አለ? ብር የሚከፈልበት ፕለጊን አትንገሩኝ፣ በናታችሁ። የሠራችሁት ካለ የኩርባውን ስክሪንሾት ብትለጥፉልኝ ይበቃኛል።