ክሎን ካደረግኩ በኋላ የሁለት ማሽን ባክአፕ ተቀላቀለ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ቢሮ ያለውን ኡቡንቱ ማሽን ክሎን አድርጌ (ሙሉ ቅጂውን ወስጄ) ሁለተኛ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት፣ ሁለቱም በሪስቲክ (የባክአፕ ፕሮግራም) ወደ አንድ ሪፖዚተሪ (የባክአፕ ማከማቻ) ነው ባክአፕ የሚያደርጉት፣ አሁን ስናፕሾቶቹን (በየጊዜው የተቀመጡትን ባክአፖች) ሳይ ሁሉም በአንድ ስም ናቸው የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም። የክሎኑን ስም ብቻ ብቀይር ይበቃል?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ አሮጌ ስናፕሾት የሚያጠፋውን ክሮን (በሰዓቱ ራሱ የሚሠራውን ትዕዛዝ) አቁመው! ሪስቲክ ሲያጠፋ የሚመድበው በሆስትኔም (በማሽኑ ስም) እና በፎልደር ስለሆነ ሁለቱን እንደ አንድ ማሽን ነው የሚያያቸው፣ በቀን አንድ ብቻ አቆይ ካልከው የመጨረሻውን ይዞ የሌላኛውን ሊያጠፋብህ ይችላል። ከዛ ስሙን ቀይር፣ ስሙ የተጻፈበትን ሆስትስ ፋይሉንም አስተካክል።

መልስ፦ ባክአፑን የሚያስኬደውን ስክሪፕትም እይ፣ ሆስት የሚለው ኦፕሽን በድሮው ስም ተጽፎ ከሆነ ስም መቀየሩ ዋጋ የለውም። ከቀየርክ በኋላ የመጀመሪያው ባክአፕ ቢዘገይ አትደንግጥ፣ በአዲሱ ስም የቀደመ ስናፕሾት ስለማያገኝ ፋይሎቹን በሙሉ ያነባል እንጂ ሪፖዚተሪው ላይ ያለውን ዳታ ድጋሚ አይጭንም።

ጠያቂ፦ እውነትም ስክሪፕቱ ላይ የድሮው ስም ነበር፣ አሁን ተለይተዋል ተባረኩ። የተቀላቀሉትስ?

መልስ፦ ውስጣቸውን በኤልኤስ (ፋይሎቹን በሚዘረዝረው ትዕዛዝ) እያየህ የክሎኑን ለይ፣ አዲስ የሪስቲክ ቨርዥን ካለህ በሪራይት ትዕዛዝ ሆስቱን መቀየር ትችላለህ፣ ፎርጌት የሚለውን ኦፕሽን ካልጨመርክበት ግን አሮጌው ኮፒም አብሮ ይቀመጣል። ክሮኑን ከዛ በኋላ መልሰው።