የዕቅድ ውይይት፦ የውሻና የድመት ታይሮይድ ምርመራ በጎጃም፣ ረቂቅ ሐሳብ

ከደብረ ማርቆስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በስብሰባው ጀምረን ያቋረጥነውን እዚህ እንጨርሰው። እኔ ያቀረብኩት ሁለት ነገር ነው። ስለ ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) ሕመም ለባለሙያዎች አንድ ገጽ መመሪያ እናዘጋጅ፤ በሽታው ለተጠረጠረባቸው እንስሳትም መድኃኒት ገዝተን እናስቀምጥ።

ለምን እንዲህ እንደያዘኝ ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት አንድ የግቢ ጠባቂ ውሻ መጣልኝ። ሰባት ዓመቱ ነው። ባለቤቱ እከክ መስሎት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብቶታል። እኔም በደንብ ሳላይ የተባይ መድኃኒቱን አይቨርሜክቲንን ሁለቴ ወጋሁት። ምንም ለውጥ የለም። በሦስተኛው ቀጠሮ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት። ግራና ቀኝ ጎኑ እኩል ተመልጧል፣ ጅራቱ የአይጥ ጅራት መስሏል። ግን አያሳክከውም! ግማሽ ሰዓት ስንቀመጥ አንዴም እግሩን አንስቶ አላከከም። ምግቡ ሳይጨመር ወፍሯል። ባለቤቱ «ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ የሚያድር ውሻ ነበር፤ አሁን ከምድጃው ሥር አይነሳም» አለኝ። የልቡ ምት ዝግ ያለ ነው። ቆዳውን ስፍቅ ምንም ተባይ አላገኘሁም። የታይሮይድ ማነስ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ማረጋገጫ ግን አልነበረኝም። ዘይቱ ያቆሰለው ቦታ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

ከፍኖተ ሰላም፦
ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። በእኛ አገር እንቅርት የሚመጣው በአዮዲን እጥረት ነው። ታዲያ ለውሾቹ አዮዲን ያለው ጨው ስጡ ብለን ብንመክር አይቀልም? ወጪም የለውም።

ከባሕር ዳር፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ባለቤቶችም ይጠይቁናል። ግን አይሆንም። በአዋቂ ውሻ ላይ የሚታየው የታይሮይድ ማነስ አብዛኛውን ጊዜ የአዮዲን ጉዳይ አይደለም። ወይ የራሱ የሰውነት መከላከያ ዕጢውን ያጠፋዋል፣ ወይ ዕጢው እየሟሸሸ ይሄዳል። የጠፋን ዕጢ ጨው አይመልሰውም። መመሪያው ላይ ይህን አንድ መስመር እንጨምር።

ለዶክተርም አንድ ነገር ልበል። መድኃኒቱን ከምርመራው እናስቀድም የሚለውን አልደግፍም። ክኒኑ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። ውሻው በሽታው ከሌለው ባለቤቱን በከንቱ ገንዘብ እናስወጣለን፣ እውነተኛውን በሽታም እንሸፍናለን።

ምርመራውም ወጥመድ አለበት። የሰው ላቦራቶሪ ቲ4 የተባለውን የታይሮይድ ሆርሞን ቢለካልን የጤነኛ ውሻ መጠን ከ1 እስከ 4 ማይክሮግራም በዴሲሊትር አካባቢ ነው። የሰው ግን ከ5 እስከ 12 ግድም። ውጤቱ በሰው መለኪያ ከተነበበ ጤነኛው ውሻ ሁሉ በሽተኛ ሆኖ ይወጣል! የሰው ቲኤስኤች (ዕጢውን የሚያዘው ሆርሞን) ምርመራ ደግሞ ለውሻ አይሠራም። በዚያ ላይ ማንኛውም ከባድ ሕመም ቲ4ን ያወርዳል። ፕሬድኒሶሎን፣ ፌኖባርቢታልና የሰልፋ መድኃኒቶችም እንዲሁ። ስለዚህ መጀመሪያ መዥገሩን፣ ትሉን፣ ቁስሉን እናክም። ከዚያ ደም እንውሰድ።

ከደብረ ማርቆስ፦
ተቀብያለሁ። የመድኃኒቱ ግዢ ወደ ኋላ ይሂድ። ላቦራቶሪው ይቅደም።

ከዳንግላ፣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፦
ስለ መጠኑ እኔ ልጻፍ፣ እዚህ ላይ ጠብ እንዳይነሳ። ለውሻ ሌቮታይሮክሲን፣ ማለትም የታይሮይድ ሆርሞኑ ክኒን፣ የሚጀመረው በኪሎ 0.02 ሚሊግራም፣ በቀን ሁለቴ ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በአንድ ጊዜ 0.4 ሚሊግራም ማለት ነው። ባለ 100 ማይክሮግራሙ ክኒን ከሆነ ጠዋት አራት፣ ማታ አራት። ለትልቅ ሰው ግን በቀን አንዷ ብዙ ጊዜ ትበቃለች። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ማዘዣ ሳላውቅ ቢመጣልኝ ተሳስቷል ብዬ እመልሰው ነበር። ማዘዣው ላይ «ለውሻ» የሚለው ቃልና ኪሎው በግልጽ ይጻፍ፤ ይህ ግዴታ ይሁን።

ከሞጣ፦
ድመቷን ረሳችኋት። የድመት ነገር የተገላቢጦሽ ነው፤ ዕጢው ሥራ ያበዛል። እ.ኤ.አ. በ1979 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው መጀመሪያ የተዘገበው። የሚይዘው ያረጀችዋን ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ። እኛ ዘንድ ብዙ ድመት እዚያ ዕድሜ ስለማይደርስ ጥቂት ነው የምናየው። ግን ጎረቤቴ እማማ የ13 ዓመት ድመት አለቻቸው። የቀረበላትን ሁሉ ትበላለች፣ ትጮኻለች፣ ታስመልሳለች፣ አጥንቷ ግን ወጥቷል። «ዓይን በልቷት ነው» ይላሉ እማማ። አገጯን ቀና አድርጌ በአውራ ጣትና በሌባ ጣቴ ጉሮሮዋን ግራና ቀኝ ይዤ ወደ ታች ስወርድ አንዲት ሽንብራ የምታክል ነገር ከጣቴ ሥር ተንሸራተተች። ይህን መዳሰስ ሁሉም ሰው ይልመደው፤ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ክትባቷ ሳይጠየቅ ግን ማንም እጁን ወደ አፏ አያስጠጋ። የምትቅበጠበጥ ድመት የእብድ ውሻ በሽታም ሊኖርባት ይችላል።

ከዳንግላ፦
ለድመቷ የዕጢውን ሥራ የሚቀንስ ሜቲማዞል ወይም ካርቢማዞል ነው የሚፈለገው። ለሰው የሚታዘዘው ፕሮፒልታይዮዩራሲል በድመት ላይ የደም ሴሎችን ስለሚያፈርስ የተተወ ነው። በቅርብ የተገኘው እሱ ብቻ ቢሆን እንኳ እንዳይሰጥ።

ከባሕር ዳር፦
ሜቲማዞል ከተጀመረም ኩላሊቷ ይታይ። የታይሮይድ መብዛት የኩላሊት ድካምን ይደብቃል፤ ሕክምናው ሲጀመር ይገለጣል።

ከደብረ ማርቆስ፦
እንግዲህ ረቂቁ ይህ ነው። ማኅበራችን ባሕር ዳር ካለ አንድ ላቦራቶሪ ጋር የእንስሳ ደም እንዲቀበልና ውጤቱን በውሻና በድመት መለኪያ እንዲያነብ ይስማማል። ጸጉሩ የረገፈ ውሻ ሁሉ መጀመሪያ ቆዳው ተፍቆ ይታያል። ቲ4 ዝቅ ማለቱ ብቻ ለማዘዝ አይበቃም፤ ምልክቱም አብሮ መኖር አለበት። ክኒን የጀመረ ውሻ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ክኒኑን በወሰደ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ደሙ ይለካል። ባለቤቱ ንቃቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊያይ ይችላል፤ ጸጉሩ ግን ወራት ይፈጃል። ይህ ካልተነገረው ክኒኑን በወሩ ይተወዋል።

ከቡሬ፦
ዘግይቼ ገባሁ፣ ይቅርታ። መጠኑ በኪሎ ከሆነ ውሻውን በምን እንመዝናለን? ብዙዎቻችን ሚዛን የለንም። እኔ የማደርገው የሰው ሚዛን ላይ ውሻውን ታቅፌ መውጣት፣ ከዚያ የራሴን መቀነስ ነው። ለትልልቆቹ የእህል ነጋዴ ሚዛን እለምናለሁ። በጀቱ ውስጥ ለየወረዳው አንድ ሚዛን ይግባ። የዋጋውን ማስረጃ እስከ ሐሙስ እኔ ሰብስቤ እልካለሁ።