የኮሎኖስኮፒ መድኃኒት፦ ሁሉንም ማታውኑ ጠጥቼ ብተኛስ?

ሆደ_ባሻ፦
ሰላም ቤተሰብ። ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያዩበት ምርመራ) ታዞልኝ ከነገ ወዲያ ጠዋት 3 ሰዓት ነው ቀጠሮዬ፣ እና ከምርመራው በላይ ያ አንጀት ለማጽዳት የሚጠጣው ነገር ነው ከአሁኑ ያስጨነቀኝ። የሰጡኝ በውሃ የሚበጠበጥ ፓውደር ነው፣ 4 ሊትር ይሆናል፣ ግማሹን ማታ ጠጪ ግማሹን ደግሞ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተሽ ጀምሪ ይላል ወረቀቱ። ሌሊት 10 ሰዓት!! እኔ እንቅልፌ ከተቋረጠ ቀኑን ሙሉ ሰው አልሆንም። ማታውኑ ጭልጥ አድርጌው ብተኛ ምን ችግር አለው? ደግሞ ጨው ጨው የሚል ነገር ቶሎ ነው የሚያስመልሰኝ፣ ካስመለሰኝ ከመጀመሪያው ልጀምር ነው? የሞከራችሁ ንገሩኝ በናታችሁ።

ዝም_ያለ፦
እኔ ሁሉንም ማታ ጠጥቼ ተኛሁ፣ ምንም አልሆንኩም። አታካብዱ።

ተረኛዋ፦
እህቴ እኔ ኢንዶስኮፒ ክፍል ነው የምሠራው፣ ነርስ ነኝ፣ እና ከሁሉም በላይ የሌሊቷን እንዳትዘልያት። ማታ ጠጥተሽ አንጀትሽ ጥርግ ቢልም ትንሹ አንጀት ሌሊቱን ሥራ አያቆምም፣ ሐሞቱንና ፈሳሹን እያወረደ የትልቁ አንጀት መጀመሪያ ላይ፣ በቀኝ በኩል ማለት ነው፣ ይለቀዋል። ጠዋት ካሜራው እዛ ሲደርስ ግድግዳው ላይ ቢጫ ዝልግልግ ነገር ተለጥፎ እናገኛለን። ችግሩ ምን መሰለሽ፣ በቀኝ በኩል ያሉት ፖሊፖች (አንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅሉ ትንንሽ እብጠቶች) ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ናቸው፣ አንዳንዶቹማ ራሳቸው ንፍጥ ለብሰው ነው የሚቀመጡት፣ ስለዚህ ቆሻሻውና ፖሊፑ አይለይም። ያንን ለማየት አይደል እንዴ የመጣሽው?

በውሃ እያጠብን እንመጥጠዋለን ግን ፍሬና ገለባ ካለበት መምጠጫው ይደፈናል፣ ሥራው ይቆማል፣ አንቺም አልጋ ላይ ትቆያለሽ። ለዛ ነው ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት ፍሬ ያለው ነገር፣ ለውዝ፣ ጥሬ አትክልት፣ ገለባው ያልወጣ እህል ተዉ የምንለው። ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ችግር የለውም፣ መጠጡ ከተጀመረ በኋላ ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ፈሳሽ ብቻ።

ሰዓቱን በተመለከተ ሁለተኛው ግማሽ ከምርመራው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቀድሞ ይጀመርና ቢያንስ 2 ሰዓት ሲቀረው ያልቃል። ከዛ በኋላ ውሃም ቢሆን አይነካም፣ ምክንያቱም በሚያስተኛው መድኃኒት ደንዝዘሽ ካስመለሰሽ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ያንቺ ክፍል ከዚህ ረዘም ያለ ሰዓት ከጻፈ የእነሱን ያዢ።

@ዝም_ያለ ወንድሜ አንተ ምንም አለመሆንህ ጥሩ ነው፣ ሪፖርቱ ላይ ግን አንጀትህ ምን ያህል ንጹህ እንደነበር ምን ይላል? በቦስተን መለኪያ ነው የምንሞላው፣ አንጀቱ በ3 ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። አንዱ እንኳን ከ2 በታች ከሆነ ድገም የመባል ዕድልህ ሰፊ ነው።

ዝም_ያለ፦
ሪፖርቱን አይቼው አላውቅም 😅 እሺ ዝም ብያለሁ።

ሎሚ፦
ስለ ጣዕሙ እኔ ልንገርሽ። ቀድመሽ በጥብጠሽ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው፣ በጣም ሲቀዘቅዝ ጨውነቱ ይደበቃል። በስትሮው ጠጪ፣ ስትሮውን ወደ ምላስሽ ኋላ ገፋ አድርጊው፣ ከእያንዳንዱ ብርጭቆ በኋላ ሎሚ ላስ አድርጊ ወይ ከረሜላ ምጠጪ (ቀይ ያልሆነ)። ውስጡ ግን ስኳርም ጁስም አትጨምሪበት ወረቀቱ ካልፈቀደልሽ። አንድ ብርጭቆ ማለት 240 ሚሊ ሊትር አካባቢ በየ10 ወይ 15 ደቂቃው ነው፣ እሱንም ቶሎ ጨርሺው፣ ፉት ፉት ካልሽው ስቃዩን ነው የምታረዝሚው። ቅዝቃዜው ሊያንቀጠቅጥሽ ይችላል፣ ብርድ ልብስ አቅርቢ።

ሌላው ማንም የማይነግርሽ ነገር፣ መቀመጫሽን ገና ሳይጀምርሽ ቫዝሊን ቀቢው። ከተላጠ በኋላ መቀባቱ ብዙም አይረዳም። በደረቅ ሶፍት አትፈትጊ፣ እርጥብ ይሁን፣ ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂ። ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ረጅም ሰዓት ነው 😂 መጀመሪያ ላይ ሆድሽ ተነፍቶ ምንም ላይወጣ ይችላል፣ አትደንግጪ፣ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ በይ።

የእማዬ_ልጅ፦
እማዬን ያስታመምኩ ነኝ፣ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ሆደ_ባሻ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂ። የአይረን ኪኒን ሰገራን ጥቁርና ሙጫ ስለሚያደርግ ሳምንት ያህል ቀድሞ ነው የሚቆመው፣ የስኳር መድኃኒትና የደም ማቅጠኛም የየራሳቸው መመሪያ አላቸው፣ በራስ ውሳኔ ግን አይቆሙም። ደግሞ ሰው 4 ሊትሩን ሲያይ ይደነግጥና ትንሽ የሚጠጣ ሌላ ነገር ይፈልጋል። እማዬን አንድ ዘመድ ፎስፌት ያለበትን ስጧት ሲል ሐኪሟ በጭራሽ አለ፣ ኩላሊት ይጎዳል። የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2008 ከባድ ማስጠንቀቂያ ያስጻፈበት ነው። ይሄ የሰጡሽ ፖሊኢትሊን ግላይኮል ከሆነ ወደ ደም ብዙም ሳይገባ ውሃውን ይዞ ነው የሚወጣው፣ መብዛቱም ለዛ ነው።

ሆደ_ባሻ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የማስመለሱ ነገር ግን አልተመለሰልኝም። እና ተረኛዬ እውነት ሌሊት ከመነሳት ሌላ መላ የለውም?

ተረኛዋ፦
ካቅለሸለሸሽ ግማሽ ሰዓት አቁሚና ቀስ ብለሽ ቀጥዪ፣ ብታስመልሺም ከመጀመሪያው አይጀመርም። ደጋግሞ ካስመለሰሽ ወይ ሆድሽን ክፉኛ ከቆረጠሽ ግን አቁመሽ ደውዪላቸው፣ የማስመለሻ ማስታገሻ ሊያዙልሽ ይችላሉ።

ለሌሊቱ ደግሞ መላ አለው፣ ቀጠሮውን ከሰዓት አስደርጊው። የከሰዓት ከሆነ ሁለተኛውን ግማሽ ነግቶ ትጠጪያለሽ፣ አንዳንድ ቦታማ ሙሉውን በዛው ቀን ጠዋት ያስጠጣሉ። ሰው አይጠይቅም እንጂ ቦታ ካለ ይቀየራል። ስትደውዪ ሌላም ጠይቂ፣ አንጀት የሚነፉት በአየር ነው ወይስ በካርቦን ዳይኦክሳይድ? ካርቦኑ ቶሎ ወደ ደም ገብቶ በትንፋሽ ስለሚወጣ ከምርመራ በኋላ ያለው መነፋትና ቁርጠት በጣም ይቀንሳል። ደግሞ የሆድ ድርቀት ካለብሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው፣ ለድርቀተኛ ሰው የተለመደው መጠን ላይበቃው ይችላል።

ሆደ_ባሻ፦
ደወልኩ! 8 ሰዓት ከሰዓት አደረጉልኝ 🙏 ሁለተኛውን ግማሽ ጠዋት 2 ሰዓት ጀምረሽ እስከ 4 ጨርሺ አሉኝ። በካርቦን ነው የሚሠሩት። የመጨረሻ ጥያቄ፣ መጽዳቴን በምን አውቃለሁ? የቀይ ከረሜላውስ ነገር ምንድነው?

ተረኛዋ፦
ቀይና ሐምራዊ ቀለም አንጀት ውስጥ ደም ይመስላል፣ እሱ ነው። መጽዳትሽን በዓይንሽ ታውቂዋለሽ፣ ሽንት የመሰለ ጥርት ያለ ቢጫ ውሃ ሲወጣ ጨርሰሻል። ትንሽ ብናኝ ቢኖረው አያስጨንቅም። ሁሉንም ጠጥተሽ ገና ቡናማና ድፍርስ ከሆነ ግን ከቤት ሳትወጪ ደውለሽ ንገሪያቸው፣ የሚጨመር ነገር ሊሰጡሽ ወይ ሰዓቱን ሊገፉልሽ ይችላሉ። ደግሞ የሚወስድሽ ሰው ይዘሽ ሂጂ፣ የሚያስተኛውን ከወሰድሽ በዛ ቀን መንዳት የለም።