ሐረር ላይ ከጅብ ሌላ ለእንግዳ ምን ይታያል?

የቀፊራ ልጅ፦
ሰላም ጀማው። ከአዲስ አበባ ዘመዶች መጥተውብኝ ከድሬ ወደ ሐረር ይዣቸው ልወጣ ነው። ጅቡን ሁሉም ያውቀዋል። ሰው እንዴት እንደሚኖር የሚያዩበት ቦታ ጠቁሙኝ፣ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ሰልችቶኛል።

ጀጎል ውስጥ፦
አቦ፣ የሐረሪ ቤት አስገባቸው! በእንግዳ ማረፊያነት የተከፈቱ አሉ። ጫማ ይወልቃል። ቀይ የተቀቡት መደቦች፣ ነደባ የምንላቸው፣ አምስት ናቸው፤ ከፍና ዝቅ ያሉት በምክንያት ነው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ግድግዳውን የሞላውን ስፌት ሴቶቹ ራሳቸው የሰፉት መሆኑን ንገራቸው። ከዚያ መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ውሰዳቸው፣ ጨርቅ ገዝተው እዚያው መንገድ ዳር ልብስ ያሰፋሉ። አስጎብኚ ከያዝክ ዋጋውን አስቀድመህ ተስማማ፣ ኋላ ጭቅጭቅ ነው።

ሸዋ በር፦
እኔ ብሆን ጉዞውን ለሸዋል ኢድ አደርገው ነበር። ከረመዳን በኋላ ስድስት ቀን ተጹሞ የሚከበር ነው፣ ዩኔስኮም በ2023 መዝግቦታል። ሌሊቱን ዚክር (መንፈሳዊ ዜማ)፣ ከበሮና የእንጨት ማጨብጨቢያ ነው፤ ወጣቱ የሚተጫጨውም ያኔ ነው።

የቀፊራ ልጅ፦
ፎቶስ?

ጀጎል ውስጥ፦
አስፈቅደው ያንሱ። እምቢ ካሏቸው አይነዝንዙ።