ደረጃቸው ለተራራቀ ተማሪዎች ማይንክራፍትን በአንድ ክፍል ውስጥ እንዴት ልጠቀምበት?

ጥያቄ፦ የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር

ሰላም የሙያ ባልደረቦቼ። ይዘትንና የገጽታ ስፋትን በማስተምርበት ምዕራፍ ማይንክራፍትን (ብሎክ እየደረደሩ የሚገነቡበትን የኮምፒውተር ጌም)፣ ለትምህርት ቤቶች የተዘጋጀውን ዕትም ማለቴ ነው፣ መጠቀም ከጀመርሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። የመረጥሁበት ምክንያት በጌሙ ውስጥ እያንዳንዱ ብሎክ ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ኩብ በመሆኑ ነው፤ «ኪዩቢክ ሜትር» የሚለው ቃል ለተማሪው አንሥቶ የሚያስቀምጠው ነገር ይሆንለታል።

ችግሬ የተማሪዎቼ ደረጃ እጅግ የተራራቀ መሆኑ ነው። ጥቂቶቹ የሰጠኋቸውን ሥራ በ10 ደቂቃ ጨርሰው ግንብና ምሽግ መሥራት ይጀምራሉ፤ ሌሎቹ ርዝመትን ከወርድ ሳይለዩ ክፍለ ጊዜው ያልቅባቸዋል፤ ማንበብ የሚከብዳቸው ደግሞ መመሪያውን የጻፍሁበትን ሰሌዳ እንኳ አንብበው አይጨርሱም። መፍትሔ ይሆናል ብዬ ለሦስት ቡድን ሦስት ዓለም አዘጋጀሁ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ፤ ልጆቹ ግን ገና እንደ ገቡ የትኛው «የሰነፎች ዓለም» እንደ ሆነ ለዩት። በዚያ ቡድን የመደብኋት አንዲት ተማሪ ማውሱን ለቅቃ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች፤ እስከ ደወሉም ድረስ አልነካችውም። ማንንም ሳላሸማቅቅ ለሁሉም በልኩ የሚሆን ሥራ እንዴት ልስጥ? መማራቸውንስ በምን ልመዝን?

መልስ 1፦ ሒሳብ አስተማሪ

ውድ መምህር፣ እንደ እኔ ልዩነቱን ከዓለሙ አውጥተው ወደ ጥያቄው ቢያስገቡት ይሻላል። ሁሉም ወደ አንድ ዓለም ይግቡ፤ ለእያንዳንዳቸው 24 ብሎክ ይስጡና «አንድም ሳይተርፋችሁ፣ ውስጡም ክፍት ሳይሆን፣ ሬክታንግላዊ ፕሪዝም (የሳጥን ቅርጽ) ሥሩ» ይበሏቸው። አንድ ቅርጽ ሠርቶ ብሎኮቹን በደርብ በደርቡ የቆጠረ ልጅ የይዘትን ትርጉም ይዟል። ፈጠን ያለው «ሌላስ ይወጣዋል?» የሚለውን ይከታተላል፤ መልሱ ስድስት ቅርጽ ነው፣ ከ1×1×24 እስከ 2×3×4። ከዚያም የሚያልፈው «ሁሉም በ24 ብሎክ ተሠርተው ሳለ ለመቀባት ትንሹን ቀለም የሚፈልገው የትኛው ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። በአንድ ረድፍ የተደረደረው 98 ካሬ ሜትር ገጽ ሲኖረው 2×3×4 ግን 52 ብቻ እንዳለው ሲያገኝ፣ ይዘትና የገጽታ ስፋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከእኔ ገለጻ ይልቅ ከዚያ ይረዳዋል። ሥራው ለሁሉም አንድ ስለሆነ የሰነፍ ወይም የጎበዝ የሚባል ወገን የለም፤ እያንዳንዱ የደረሰበት ቦታ ላይ ይቆማል።

ለሚቸኩሉት አንድ ነገር ልጨምር። እያንዳንዱ ጎኑ 5 የሆነ፣ ውስጡ ባዶ፣ ግድግዳው አንድ ብሎክ ውፍረት ያለው ኩብ እንዲሠሩ አዝዛለሁ፤ አስቀድመው ግን የሚያስፈልጋቸውን ብሎክ አስልተው ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ 5×5ን በ6 ገጽ አባዝተው 150 ይሉኛል። እኔም አልከራከርም፤ 150ውን በሳጥን እሰጣለሁ (በአንድ ክፍት ቦታ ከ64 በላይ ስለማይያዝ 64፣ 64 እና 22 ሆኖ ይገባል)። ኩቡ በ98 ብሎክ ያልቅና 52 ይተርፋቸዋል። የት እንደ ተሳሳቱ አልነግራቸውም፤ የተረፋቸውን ይዘው በኩቡ ዙሪያ ሲዞሩ ማየት ይበቃኛል። ይህ እንዲሠራ ዓለሙ ብሎክ ያለ ገደብ በሚገኝበት በክሪኤቲቭ ሳይሆን ተጫዋቹ በእጁ ያለውን ብሎክ ብቻ በሚጠቀምበት በሰርቫይቫል መሆን አለበት። አሸዋና ጠጠርም አይስጧቸው፤ ከሥር ደጋፊ ሲያጡ ይወድቃሉና ጣሪያው ይናድባቸዋል።

መልስ 2፦ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ደካማ» ከምንላቸው ተማሪዎች አንዳንዶቹ የሚቸገሩት በሒሳቡ ሳይሆን በኪቦርዱ ነው። በአንድ እጅ እየተራመዱ በሌላው እጅ ማውስ እያዞሩ ማየት፣ ጌሙን በቤቱ ለማይጫወት ልጅ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ያለ ምንም ሒሳብ መራመድን፣ ማስቀመጥንና ማፍረስን ብቻ ያለማምዱበት። ከዚያ ሁለት ሁለት አድርገው ያስቀምጧቸው፤ አንዱ ይገነባል፣ ሌላው በወረቀት ያሰላል፣ በየ10 ደቂቃውም ይቀያየራሉ። ማንበብ ለሚከብዳቸው ከሰሌዳው ይልቅ ከመግቢያው ላይ ተሠርቶ ያለቀ 2×2×2 ናሙና ያቁሙላቸው፤ ዐይተው የሚፈለገውን ያውቃሉ።

ለእያንዳንዱ ጥንድ ቦታ ከልለው ከመሬቱ ሥር የመከልከያ ብሎክ ያልተነጠፈበትን ብቻ ይተዉላቸው፤ መከልከያው ባለበት ላይ መገንባትም ማፍረስም ስለማይቻል ምሽግ ሠሪዎቹ አደብ ይገዛሉ። ዓለሙን የከፈተው የእርስዎ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ እርስዎ ሲወጡ ሁሉም ይወጣሉ፤ እኔ አንድ ጊዜ ሳላስብ ዘግቼው ክፍሉ በጩኸት ተናግቷል።

መልስ 3፦ አንጋፋ መምህር

ጌሙን አልቃወምም፤ ግን መገንባትን ከማወቅ ጋር አናምታታ። በእኔ ክፍል ሕንጻ በሕንጻ ላይ ሲደራርቡ የነበሩ ተማሪዎች፣ 30 በ20 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ካርቶን ተሥሎ በወረቀት ሲሰጣቸው «ስንት ብሎክ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አሃዱ ሁልጊዜ 1 ሜትር የሆነበትን ዓለም ስለለመዱ፣ አሃዱን ራሳቸው መምረጥ እንዳለባቸው አልታያቸውም። ስለዚህ ምዘናው ኮምፒውተሩ ከተዘጋ በኋላ ይሁን፤ የመጨረሻውን 15 ደቂቃ ለወረቀት ይተዉት። በጌሙ ካሜራ የሥራቸውን ፎቶ አንሥተው በጌሙ መጽሐፍ ውስጥ በራሳቸው ቃል ማብራሪያ እንዲጽፉ ማድረግም ጥሩ ነው፤ መጻፍ የሚከብደው በቃሉ ይንገርዎ፣ ዋናው ምክንያቱን መስማትዎ ነው። የስክሪኑ መሽከርከር ራሱን የሚያዞረው ተማሪም አይጠፋምና ጥቂት የእንጨት ኩቦች ጠረጴዛ ላይ ይኑሩ፤ የ24ቱ ጥያቄ በእንጨትም ያው ነው።

ጠያቂው መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስቱን ዓለም ዘግቼ በ24ቱ ብሎክ እጀምራለሁ፤ ማውሱን የለቀቀችውንም ተማሪ መጀመሪያ ገንቢ አደርጋታለሁ። ባዶውን ኩብ ለልጆቹ ከመስጠቴ በፊት ትናንት ማታ ራሴ ሞከርሁት፤ 52ቱም ተረፈኝ። በ12ቱ ጠርዞች ላይ ያሉት፣ ከጥጎቹ በስተቀር፣ በየጠርዙ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ገጽ በመቆጠራቸው 36 ብሎክ ያለ አግባብ ተጨምሮ እንደ ነበር ወዲያው ገባኝ። የቀረው 16 ግን ሻይዬ እስኪቀዘቅዝ አስቀምጦኛል፤ ስምንቱ የጥግ ብሎኮች እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ እንደ ተቆጠሩ ያየሁት ከኩቡ ላይ ወጥቼ አንዱን ጥግ ከነቀልሁ በኋላ ነው።