ሲቲ ስካን ውጤት ላይ ዲኤልፒ 980 ይላል፣ እማዬ ስንት ጨረር ወሰደች ማለት ነው?

የጣፎው
ሰላም ቤተሰብ፣ እማዬ የሆድ ሲቲ ተነስታ ሲዲውን ቤት ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው መጨረሻው ላይ ሰንጠረዥ ነገር አለ፣ ሲቲዲአይ 11 ሁለት ቦታ፣ ከታች ጠቅላላ ዲኤልፒ 980። ታናሽ ወንድሜ "980 ሚሊ ግሬይ ገብቷታል" ብሎ ቤቱን አተራመሰው፣ እሷም ሰምታ ከሦስት ወር በኋላ ድገሚ የተባለችውን አልሄድም ብላ ቁጭ። ደግሞ ቀጭን ናት፣ 45 ኪሎ ብትሞላ ነው። የሚያውቅ አለ?

ራጅ ክፍል
ወንድምህ ዩኒቱን ግማሽ አንብቦ ነው። ዲኤልፒ ሲቲዲአዩ (ማሽኑ በአንድ ዙር የሚያወጣው የጨረር መጠን፣ በሚሊ ግሬይ) በተነሳችው የሰውነት ርዝመት ተባዝቶ የሚመጣ ነው፣ ሚሊ ግሬይ ሴንቲሜትር ይባላል። ሁለቴ ስላለፈች (ያለ ኮንትራስትና በኮንትራስት፣ ማለት ምስሉን በሚያጎላው በደም ስር በሚሰጥ መድኃኒት፣ መሰለኝ) ተደምሮ ነው 980 የሆነው። ለአዋቂ ሆድና ዳሌ በ0.015 ስታባዛው 14.7 ሚሊ ሲቨርት (ጨረሩ በጠቅላላ ሰውነት ላይ ያለው ጫና መለኪያ) ይሰጥሃል። ሰው ከአፈሩም ከአየሩም ከሰማዩም በዓመት የሚያገኘው የዓለም አማካይ 2.4 ነው፣ እንግዲህ የስድስት ዓመት ገደማ በለው። ጭንቅላት ቢሆን ማባዣው 0.0021 ስለሆነ ያው 980 ሁለት ብቻ ነበር የሚሆነው።

ገላን ኮንዶ
ቀጭን ከሆነች አያንስም እንዴ? ማሽኑ ራሱ ይቀንሳል ሲሉ ሰምቻለሁ

ራጅ ክፍል
አውቶማቲኩ ከበራ አዎ ይቀንሳል፣ 11ዱም ከቀነሰ በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል። ግን ያ 11 እማማ ውስጥ የተለካ አይደለም፣ 32 ሴንቲ ውፍረት ባለው ክብ ፕላስቲክ ተለክቶ የተሰላ ነው። ቀጭን ሰው ላይ ጨረሩን የሚመክት ሥጋ ስለሌለ የሚደርሳት ከተጻፈው ይበልጣል። ምስሉ ላይ ሆዷን ለካው፣ ከጎን ጎን 27፣ ከፊት ወደ ኋላ 18 ቢሆን አባዝተህ ስኩዌር ሩቱን አውጣ፣ 22 ነው። የአሜሪካ ሜዲካል ፊዚሲስቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሰንጠረዥ የ22 ማባዣ 1.65 ነው፣ 11ዱ 18 ሆነ ማለት ነው። ይሄን 1.65 ደሞ 14.7ቱ ላይ እንዳትጭነው! 0.015 ለአማካይ ሰው ሞዴል የወጣ ስለሆነ አይገናኙም፣ 14.7ቱም ምርመራ ከምርመራ ለማወዳደር እንጂ የሷ የግል ቁጥር አይደለም።

የጣፎው
ተባረክ። እና ይደገም ነው የምትለው?

ራጅ ክፍል
እሱን ያዘዘው ዶክተር ነው የሚወስነው፣ በሽታው ክትትል ካስፈለገው ግን በቁጥር ፈርታ እንዳትቀር። አንድ ዙር ብቻ ይበቃል ወይ፣ አልትራሳውንድስ አይሆንም ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ዙር ከቀረ ዶዙ በግማሽ ይወርዳል።

የጣፎው
እሺ። እማዬ ደግሞ በደም ስሬ የሰጡኝ ነው ጨረሩ ትላለች፣ ሲገባ ሰውነቷን አሙቋት ነበር

ራጅ ክፍል
ኧረ እሱ አዮዲን ነው፣ ጨረር የለውም፣ ሙቀቱም ወዲያው የሚያልፍ ነው። ለሱ የሚታሰበው ኩላሊትና አለርጂ ነው፣ ከመድገማችሁ በፊት ክሪያቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) አሠሩላት።